ደንበኛና ቦታው፦ ከደጎሎ ገበያ የተነሣ የንግድ ታሪክ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች፣ ነጋዴ ገዢን እንዴት እንደሚያገኝና አግኝቶም እንዴት እንደሚያቆይ የሚያወሳ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ ከመሐንዲስ ይልቅ ለንግድ ምሁር የሚገባ መስሎኝ ጥቂት አመንትቼ ነበር። ኋላ ግን በሥራዬ ላይ የፈጸምኩት አንድ ስሕተት ትዝ አለኝ። ስሕተቱ የመሐንዲስ ስሕተት ነው፤ የመጣው ግን ገበያን ካለማወቅ ነው። እርሱን በቦታው እናገራለሁ። አስቀድሞ ግን ስለ ደጎሎ ማውሳት ይገባኛል፤ ገበያን እንደ ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነውና።

ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ያለችበት አምባ ሰፊና ሜዳማ ነው፤ አፈሩ በአብዛኛው ዋልካ ሲሆን፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ በክረምት ጫማን ከእግር የሚነጥቅ ጥቁር አፈር ነው። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ምስር ይበቅልበታል። ወረኢሉና ከላላ ያዋስኗታል፤ ከዚያም አልፎ እስከ መካነ ሰላምና እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ደጋው በጥልቅ ወንዞች እየተቆራረጠ ይዘልቃል። በስተደቡብ ወደ ሰሜን ሸዋ ለመሻገር የሚሻ ሰው የወንጪትን ገደል ወርዶ መውጣት ግዴታው ነበር። ወደዚያ የሄድኩት በመንገድ ጥናት ሥራ ሲሆን፣ የአፈር ናሙና የምንመዝንበት አነስተኛ የመንጠልጠያ ሚዛን ከዕቃዎቼ መካከል ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ለማደሪያችን ምስር ልገዛ ወጣሁ። ሻጮቹ የሚሰፍሩት በጣሳ ነው፤ የጣሳው ዋጋ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። እኔም የመሐንዲስ ነገር ሆኖብኝ ከሦስት ሻጮች አንድ አንድ ጣሳ ገዝቼ በሚዛኔ ብሰቅለው ሦስቱም የተለያየ ክብደት አወጡ። ጣሳው አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ምስሩ ግን የተለያየ። ይህን ለአንዲት በዕድሜ ለገፉ ሻጭ፣ «እትዬ፣ በኪሎ ብትሸጡ እኮ ማንም አይጎዳም» ብዬ ባስረዳቸው፣ ምስሩን ከጣሳው አፍ በላይ ቆልለው ሲያበቁ አንድ እፍኝ ጨመሩበትና፣ «ልጄ፣ ኪሎህ ይመዝናል እንጂ አይመርቅም» አሉኝ። በአጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ የገባኝ ግን ማታ ነው።

በቋንቋችን መረቀ ማለት መልካም ተመኘ ማለት ነው፤ በገበያ ቋንቋ ደግሞ ከተሰፈረው በላይ ጨመረ ማለት ነው። ዋጋ በገበያ መካከል ጮኾ የሚነገር፣ ጎረቤት ሻጭ የሚሰማው ነገር ነው። አንዲት ሻጭ ለአንድ ገዢ ዋጋ ብትቀንስ የቀሩት ገዢዎች ሁሉ ያንኑ ይጠይቋታል፤ ጎረቤቶቿም ይቀየሟታል። ቁልሉንና እፍኙን ግን ከገዢው በቀር ማንም አይቆጥረውም። እንግዳ ሲመጣ ጣሳው እስከ አፉ ይሞላል፤ ነባር ገዢ ሲመጣ ይቆለላል፤ ልጇን የዳረች ወይም ሐዘን የደረሰባት ነባር ገዢ ስትመጣ ደግሞ ይቆለልና ይመረቃል። እንግዲህ በሚዛኔ ያየሁት ልዩነት የስፍር ጉድለት አልነበረም። ዋጋውን ሳይነኩ ለነባር ገዢ የሚደረግ ቅናሽ ነበር። ዛሬ በትልልቅ ከተሞች ያሉ ሱቆች በካርድና በነጥብ የሚሠሩትን ሥራ ሴትዮዋ በእጃቸው መዳፍ ይሠሩታል።

ይህን ዐይነቱን ነባር ገዢ ደንበኛ እንለዋለን። ቃሉ ከደንብ ጋር የተዛመደ ነው፤ ደንበኛ ሰው ስንል ትክክለኛውን፣ ሥርዓት ያለውን ሰው ማለታችን ነውና። የሚገርመው፣ በእኛ ገበያ ሻጩም ገዢውም አንዱ ለሌላው ደንበኛ መሆናቸው ነው። «ደንበኛዬ ናት» የሚለውን ቃል ገዢው ስለ ሻጯ ሲናገር መስማት የተለመደ ነው። ማሰሪያው በሁለቱም ወገን ይታሰራል ማለት ነው።

መንግሥት በ1950ዎቹ ዓ.ም. የሜትር ሥርዓትን የሚያጸና የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ አውጥቷል። በሥራችን ያለ ሜትርና ያለ ኪሎ አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልምና አዋጁን የሚነቅፍ መሐንዲስ ሊኖር አይችልም። ሆኖም ቁናና ጣሳ በገጠር ገበያ እስከ ዛሬ የቆዩት ባላገሩ ኪሎን ስለማያውቅ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልቀበለውም። ኪሎን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ኪሎ የማይሠራለት ሌላ ሥራ ስላለው ነው።

ስለ መለኪያ ካነሣን ስለ ገንዘቡም ጥቂት ማለት ይገባል፤ ሰው ምልክትን እንዴት እንደሚያምን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በታሪካችን አላገኘሁምና። ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያ ገንዘብ፣ ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላም ያው ዓመት እየተቀረጸበት ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። የወሎም ሆነ የሸዋ ገበያተኛ ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ይመረምር፣ የተፋቀውን ይመልስ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ አስመትተው ወደ አገር አስገቡ። አዲሱ ብር በክብደትም በጥራትም የሚያንስ አልነበረም፤ ከዚያም በላይ የአገሩ ንጉሥ ገንዘብ ነው። ገበያው ግን አሮጊቷን ንግሥት አልተወም። ጣልያኖችም በኤርትራ የራሳቸውን ታለሮ አውጥተው በማርትሬዛ ፋንታ ሊያስለምዱ ቢሞክሩ አልሆነላቸውም። ከዚህ በኋላ በ1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ የማርትሬዛን ቅርጽ ከቪየና ወስዶ በሮም እስከ ማስመታት ደረሰ። ማርትሬዛ በሕግ ቦታውን የለቀቀው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ነው። አንድ ጊዜ የታመነ ምልክትን ንጉሥም ወራሪም በቀላሉ ሊተካው እንዳልቻለ እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

በጨርቅም የታየው ተመሳሳይ ነው፤ መጨረሻው ግን ይለያል። አቡጀዲድ የምንለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ነበር። በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አገሩን ወደ ኢትዮጵያ ገበያ ያስተዋወቃት ከማንም በፊት ይኸው ጨርቅ ነበር። ቢሆንም የጃፓን ጨርቅ በርካሽ ዋጋ በመጣ ጊዜ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ገበያውን ወሰደው። በጨርቅ ነገር ድኻ ሰው ለምልክት ታማኝ ሆኖ ልጁን ራቁቱን አያስቀርም። ስምን በተመለከተ ግን ሕዝባችን ዛሬም ለጋስ ነው፤ የማንኛውንም ፋብሪካ የታሸገ ውኃ ኮዳ «ሃይላንድ»፣ ማንኛውንም ድምፅ ማጉያ «ሞንታርቦ»፣ ማንኛውንም የዱቄት ሳሙና «ኦሞ» ይላል። ቀድሞ የመጣው ስሙን አትርፏል፤ ገንዘቡን ግን ሌሎች ይካፈሉታል።

ወደ ደጋው እንመለስ። መኪና ባልነበረበት ዘመን ነጋዴው ገዢውን የሚያገኘው በእግሩ ነው። ሲራራ ነጋዴ ጨውና ጨርቅ በአህያና በበቅሎ ጭኖ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ይዘልቅ ነበር። የየአካባቢው ገበያ ቀን የተለያየ መሆኑ ለዚህ ይጠቅማል፤ ነጋዴው በሳምንት ውስጥ ብዙ ገበያ ይደርሳል፤ ባላገሩም ነጋዴው በየትኛው ቀን በየትኛው ቦታ እንደሚገኝ አስቀድሞ ያውቃል። ወረኢሉ በዚህ ረገድ ልዩ ስፍራ ነበራት። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ሲዘምቱ ጦራቸው እንዲከማችባት ያዘዙት በዚያች ከተማ ነው፤ ያን ያህል ሠራዊት ደግሞ ስንቅ በሌለበት ስፍራ አይከማችም። አዋጅ የሚነገረውም በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ነበርና፣ ገበያ የሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የወሬም መናኸሪያ ነበር።

ስለ ዱቤም ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም። ክረምት ሲገባና ጎተራ ሲራቆት ነጋዴው ጨውና ጨርቅ በዱቤ ይሰጣል፤ ባላገሩ አዝመራ ሲሰበስብ ይከፍላል። ይህ ደንበኛን ከሁሉ ይበልጥ አጥብቆ የሚያስር ገመድ ነው። አንዳንድ ጊዜም ከልክ በላይ ያስራል፤ ባለዕዳው እህሉን ገና ከአውድማ ሳይነሣ፣ ዋጋው እጅግ በወረደበት ወቅት፣ ለዚያው ለአበዳሪው ሊሸጥ ይገደዳልና። የድሮውን ገበያ ሁሉ በማር የተቀባ አድርጎ ማቅረብ ታሪክ አይሆንም።

የሆነ ሆኖ ከዚህ የባሰ ነገር እንዳለ በደርግ ዘመን ታየ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በገበሬ ማኅበራት ላይ ኮታ እየመደበ እህልን በተወሰነ ዋጋ ይሰበስብ ጀመር። ዋጋው ከገበያው ዋጋ ያነሰ ነበር፤ ነጋዴውም በየኬላው ታገደ። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። በከተማም የቀበሌ ኅብረት ሱቅ በካርድ ስኳርና ዘይት ሲያድል፣ ሻጩ ገዢውን ለማቆየት የሚያደርገው አንዳች ጥረት አልነበረም፤ ገዢው የሚሄድበት ሌላ በር የለውምና። ካርድ ያለው ሰው ተሰላፊ እንጂ ደንበኛ አልነበረም። የካቲት 1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ለውጥ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። ሴቶቹ ጣሳቸውን ይዘው ወደ ቀድሞ መቀመጫቸው ተመለሱ።

መቀመጫ የሚለው ቃል ወደ ራሴ ነገር ያመጣኛል። በገበያችን እያንዳንዱ ሸቀጥ ተራ አለው፤ እህል ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ጨው ተራ እየተባለ ይጠራል። በየተራው ውስጥም እያንዳንዷ ሻጭ ያልተጻፈ መቀመጫ አላት። አንድ ዐይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለላይ ተመልካች የሚጎዳቸው ይመስላል። ነገር ግን ገዢው በርበሬ ሲሻ የት እንደሚሄድ ያለ ጥርጥር ያውቃል፤ ከደረሰም በኋላ ዐይኑ ደንበኛውን የሚፈልገው በመቀመጫዋ ነው። ሰሌዳ በሌለበት ገበያ መቀመጫ ማለት ሰሌዳ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን በአዲስ አበባ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ታላቅ ገበያ ለአገሬው ሰው ብሎ ወደ ምዕራብ ባዛወረው ጊዜ እንኳ፣ በአዲሱ ቦታ በመርካቶ ተራዎቹ እንደገና በቅለዋል፤ ምን አለሽ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ይህን ታሪክ እያወቅሁ ነው የተሳሳትኩት።

ስሟን በማልጠራት አንዲት የደጋ ከተማ የገበያ ቦታ ማሻሻያ ንድፍ እንድሠራ ታዘዝሁ። ነባሩ ገበያ ዋልካ ላይ ነበር፤ በሐምሌና በነሐሴ ሰውም ከብትም ይሰምጥበታል። እኔም ከከተማው ዳር፣ የተሻለ ተዳፋት ያለው፣ ውኃ የማይተኛበት ቦታ መረጥሁ። ጠጠር ተነጠፈ፤ የፍሳሽ ቦይ ተሠራ፤ እኩል ስፋት ያላቸው መደቦች በቁጥር ተደለደሉ። መደቡም በዕጣ ታደለ። ንድፉን ዛሬም ባየው በውኃ ፍሰት ስሌቱ እንከን አላገኝበትም።

ገበያው ግን አልሄደም። የሄዱትም በጥቂት ሳምንታት ተመለሱ። ዝናብ እየዘነበ ከነባሩ ጭቃ አጠገብ በመንገድ ዳር ተቀምጠው ያገኘኋቸውን አንዲት በርበሬ ሻጭ ለምን አዲሱን መደብ እንደተዉት ብጠይቃቸው፣ «መደቡስ ደኅና ነበር፤ ደንበኛዬ ግን በየት በኩል ብላ ትፈልገኝ?» ሲሉ መለሱልኝ። በዕጣው ምክንያት ከጨው ሻጭና ከድስት ሻጭ መካከል ተመድበው ነበር። ለሃያ ዓመት ጎረቤታቸው የነበረችው ሌላዋ በርበሬ ሻጭ የደረሳት በወዲያኛው ጫፍ ነው።

በሚቀጥለው በጋ ሥራው ሲከለስ ከቀያሹ ጓደኛዬ ጋር በነባሩ ቦታ በሦስት የገበያ ቀን እየተገኘን፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥ በካርታ ላይ አሰፈርን። በሥራ ዘመኔ ከሠራኋቸው የልኬት ሥራዎች ሁሉ እንደዚያ ያደከመኝ የለም፤ ሴቶቹ እየሳቁ ያርሙን ነበር። ከዚያም ዋልካውን በተራ በተራ እየቆረጥን በጠጠር ሞላነው፤ አንዱ ተራ ሲሠራ ሰዎቹ ለጊዜው ወደ ጎን ፈቀቅ እያሉ፣ ሲያልቅ በነበሩበት ቅደም ተከተል እየተመለሱ። ወጪው ከመጀመሪያው ግምት በለጠ፤ ለዚህም ተወቅሻለሁ። ከብት ተራው እስከ ዛሬ ጭቃ ነው። በርበሬ ሻጯ ግን ከቀድሞ መቀመጫቸው ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ፈቀቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ በርበሬ ገዝቻቸው፣ ከሰፈሩልኝ በኋላ አንድ እፍኝ ጨመሩልኝ።