በቡሬ መንገድ የተፋጠጡ ሁለት ጦሮች

በ1933 ዓ.ም. መባቻ የጎጃምን ካርታ ዘርግቶ «ማን ያሸንፋል?» ተብሎ የተጠየቀ የጦር ሰው ለመልሱ ብዙ አይቸገርም ነበር። በጠቅላይ ግዛቱ የሰፈረው የኢጣሊያ ጦር ወደ 35,000 ይጠጋል። መድፍ፣ መትረየስ፣ ብረት ለበስ መኪና አለው፤ ሰማዩም የካፕሮኒ አውሮፕላኖቹ ነው። ከባሕር ዳር በዳንግላ፣ በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ አድርጎ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀውን መንገድ ጠርጎ፣ በዳርና ዳሩ ምሽግ ሠርቷል። በዚያው መንገድ ላይ ያለችው የዛሬዋ ፍኖተ ሰላም ያኔ ወጀት ትባል ነበር። አርበኛው ደግሞ በየጫካው የተበተነ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ የጥይት ቁጥሩን በጣቶቹ የሚያውቅ ገበሬ ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ቡሬን ለቆ የወጣው ባለመድፉ ነበር።

ነገሩ የሚገባን ወደ ኋላ መለስ ስንል ነው። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ጎጃም ስትገባ ብዙ ውጊያ አልገጠማትም። የጎጃም ገዥ የነበሩት የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በንጉሠ ነገሥቱ በአፄ ኃይለ ሥላሴ መታሰር በመኳንንቱ ዘንድ ቂም ስለተወ፣ መጤውን ዝም ብሎ የተቀበለው ጥቂት አልነበረም። የጎጃም ሰው ፊቱን ያዞረው መሣሪያህን አስረክብ ሲባል ነው። ጠመንጃ ለጎጃሙ ዳሞት ገበሬ የርስቱ ጠባቂ ነው፤ ያስረከበ ሰው ቀጥሎ መሬቱንም እንደሚነጠቅ አይጠራጠርም። በዚያ ላይ የየካቲት 12 ቀን 1929 የአዲስ አበባ ጭፍጨፋና የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ግድያ ወሬ በየገበያው ተሰማ። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ዱር ቤቴ ብሎ ተነሣ። የኢጣሊያው የጄኔራል ማሌቲ ጦር አገሩን ሊያስገብር መንደር እያቃጠለ ቢዞርም፣ ያለፈበት ስፍራ ሁሉ ከኋላው እንደገና ይሸፍት ነበር።

ሁለቱን ጦሮች ጎን ለጎን ስናያቸው መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የሰዉ ማንነት ነው። በኢጣሊያ ባንዲራ ሥር ከተሰለፈው አብዛኛው ኢጣሊያዊ አልነበረም። የኤርትራ አስካሪ፣ ከሌላውም አገር የተመለመለ ወታደርና ከየአካባቢው የተሰበሰበ ባንዳ ነው። አስካሪው የሠለጠነና ጎበዝ ተዋጊ ነው፤ ይህን መካድ ታሪክን ማበላሸት ይሆናል። ሆኖም ደመወዝና ዲሲፕሊን የያዘው እንጂ እንደ አርበኛው የገዛ ቤቱ የተቃጠለበት አይደለም። ባንዳው ደግሞ አንድ ወንድሙ ምሽግ ውስጥ፣ ሌላው ጫካ ውስጥ የሆነ ሰው ነው። ምሽጉ በነፈሰው ነፋስ ሊከፈት የሚችለው በእሱ በኩል ነበር።

የአርበኛው መሣሪያ ያው የአባቶቹ ነው፤ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ከዚያም ከጠላት የማረከው። እንግሊዞች ከሱዳን የላኩለት ማርቲኒ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ስለነበር ቅር ተሰኝቶበታል። ስንቁ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ነው፤ ሴቶች ያዘጋጁታል፣ ያደርሱታልም። ኢጣሊያ እህሏንና ጥይቷን በካሚዮን ስታመላልስ ክረምት ሲገባ መንገዱ በጭቃ ይያዛል፣ ደመናውም አውሮፕላኑን ያግዳል። አርበኛው የሚበላው ግን እዚያው መንደር ውስጥ ነው። ወሬም የሚመጣለት ከዚያው ነው። በከተማ ተቀምጠው ለጠላት እየሠሩ የሚመስሉ የውስጥ አርበኞች፣ የሚወጣውን ሰልፍና የሚገባውን ካሚዮን አስቀድመው ይነግሩት ነበር።

ጉድለቱም ብዙ ነው። መድፍ የሌለው አርበኛ ምሽግ ከብቦ ማስጨነቅ እንጂ ሰብሮ መግባት አይችልም። እርሻና አጨዳ ሲደርስ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሁሉም የከፋው የመሪዎቹ ፉክክር ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጎረቤት ሆነው ሳለ አይተማመኑም ነበር። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ከሱዳን ድንበሩን ተሻግሮ ሲመጣ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ከአዛዥ ከበደ ተሰማ ጋር ትልቁ ሥራው የሆነው እነዚህን ማስታረቅ ነው። ሁለቱ ደጃዝማቾች ተስማምተው አብረው ለመዋጋት ፈረሙ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከቡሬ ድል በፊት የተገኘው ትልቁ ድል ይህ እርቅ ነው። ኅዳር 11 ቀን 1933 እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት በትንሽ አውሮፕላን ሰከላ ላይ ሲያርፍ የሚዋጋለት ሕዝብ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

ዊንጌት በኋላ ይዞት የመጣው የጌዴዎን ጦር ከ2,000 አይበልጥም፤ የሱዳን ድንበር ጠባቂ ሻለቃና በስደት ኬንያ ታቬታ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተቋቋመው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ዋናዎቹ ናቸው። ስንቅ የጫኑት የቆላ ግመሎች የጎጃምን ደጋ አልቻሉትም፤ በሺሕ የሚቆጠሩት በበላያ ተራራ መንገድና ከዚያም ወዲህ ወድቀው ቀሩ።

ቡሬ ላይ የኢጣሊያው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ከ5,000 የማያንስ ሠራዊት ነበረው። ከየካቲት 20 አካባቢ ጀምሮ በቡሬና የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ሁሉ በሚያውቃት በማንኩሳ ዙሪያ ትንንሽ ቡድኖች ሌሊት ሌሊት እየቀረቡ ተኩሰው ይሰወሩ ጀመር። በበራሪ ወረቀትና በድምፅ ማጉያ፣ በስደት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት አገራቸው መግባታቸው በአማርኛ ይነገራል። ባንዳው መክዳት ያዘ። ከምሽጉ ውጭ የሚሆነውን የሚነግረው ሰው ያጣው ናታሌም፣ ከፊቱ ያለውን ኃይል ከእውነተኛው እጅግ አብልጦ ገመተ። የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አቅጣጫ ወጣ።

ሁለት ቀን ቆይቶ የካቲት 27 ይህ ረጅም ሰልፍ ደምበጫ አጠገብ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ድንገት ተገናኘ። ሻለቃው ለመከላከል በማይመች ወንዝ ዳር የሰፈረ ጥቂት መቶ ሰው ነበር። እግረኛው በእግረኛ ላይ ወደቀ፣ መድፉም ተከተለ። አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፀረ ታንክ ጠመንጃ ብረት ለበስ መኪኖችን መትቶ አስቀረ። የጠላት ጦር በብዛቱ ጥሶ ቢያልፍም ብዙ ሙታንና ቁስለኛ ትቶ ነው፤ ሻለቃውም ክፉኛ ተጎዳ። በቡሬው ዘመቻ ሁለቱ ጦሮች ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት የተፈታተኑበት ቀን ይህ ነው። ስለ ዊንጌት ብልሃት የሚጻፈው ያህል ስለነዚህ ስደተኛ ወታደሮች አለመጻፉ ያሳዝናል።

መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ያፈገፈገው የኢጣሊያ ጦር በኮሎኔል ማራቬንታኖ አዛዥነት እየተዋጋ ከቆየ በኋላ፣ ግንቦት 15 ቀን 1933 ዓ.ም. በሺሕ የሚቆጠር ሠራዊቱን ይዞ፣ በቁጥር እጅግ ለሚያንሰው ለዊንጌት ጦርና አብሮት ለዘመተው አርበኛ እጁን ሰጠ።