ከመኪና ማደሪያ ወደ ሰው ማደሪያ፦ የሎስ አንጀለስ ጋራዦች አጭር ታሪክ

በማኅበራችን ስብሰባ ቡና ሲፈላ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጋራዡን ለእማዬ መኝታ ብናደርገውስ?» የሚል። ከአገር ቤት የመጡ እናቶቻችን ጉልበታቸው ደክሞ ደረጃ መውጣት ተስኗቸዋል። የልጅ ልጆች አድገው ክፍሉ ጠቧል። የሎስ አንጀለስ የቤት ኪራይ ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው ካርቶን፣ ሻንጣና አሮጌ ዕቃ በሞላበት ጋራዥ ላይ ነው። ጥያቄው ግን በእኛ አልተጀመረም። በዚህ ከተማ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ሲጠየቅ ኖሯል። ታሪኩን ማወቅ ዛሬ ምን ማድረግ እንዳለብንና ከከተማው ጽሕፈት ቤት ምን መጠየቅ እንደምንችል ስለሚያሳየን ባጭሩ እንተርከው። ከአንዱ አዋጅ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጋራዥ ዘር የሚመዘዘው ከፈረስ ጋጣ ነው። የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና በ1908 ለገበያ ካወጣ በኋላ መኪና የባለጸጋ ብቻ መሆኗ እየቀረ መጣ። ሰዎች ግን ቤንዚን እሳት ያስነሳል ብለው ይፈሩ ስለነበር መኪናቸውን ከሚተኙበት ቤት አርቀው፣ ቀድሞ ፈረስና ሠረገላ ይቆምበት በነበረው የግቢው ጀርባ ያሳድሯት ነበር። በድሮዎቹ የሎስ አንጀለስ ሰፈሮች እስከ ዛሬ ጋራዡ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ውስጥ የምናገኘው ከዚያ ዘመን ልማድ የተነሣ ነው።

ደሃው ሠራተኛ ግን ጋራዥን ለመኪና ብቻ የተሠራ አድርጎ አላየውም። በ1920ዎቹ እንደ ሳውዝ ጌት ባሉ የሠራተኛ ሰፈሮች ባዶ ቦታ የገዙ ቤተሰቦች አስቀድመው ከጓሮ ጋራዥ የምታህል ቤት ይሠሩ ነበር። እሷ ውስጥ እየኖሩ፣ ገንዘብ ባገኙ ቁጥር ጥቂት እንጨትና ጥቂት ምስማር እየገዙ የፊቱን ቤት በገዛ እጃቸው ያቆሙ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደምንለው ነው። ጋራዡ ለእነሱ የቤት መጀመሪያ እንጂ መደበቂያ አልነበረም።

መደበቂያ የሆነው በጦርነቱ ዘመን ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በሎስ አንጀለስ የአውሮፕላን ፋብሪካዎችና የመርከብ መሥሪያዎች ሠራተኛ አጥብቀው ፈለጉ፤ ሕዝቡ ከየክፍለ ግዛቱ ጎረፈ፤ ቤት ግን አልነበረም። ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች የመጡት ጥቁሮች ደግሞ ገንዘብ ቢኖራቸውም በየሰፈሩ መግባት አይችሉም ነበር። በብዙ የቤት ውል ላይ «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል ቃል ተጽፎ ነበርና። በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጡት ትእዛዝ ጃፓናውያን አሜሪካውያን ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ማጎሪያ ጣቢያዎች ሲወሰዱ፣ ሊትል ቶክዮ የተባለው ሰፈራቸው ባዶ ቀረ። ማደሪያ ያጡት ጥቁር ሠራተኞች እዚያ ገቡ፤ ሰፈሩም ብሮንዝቪል ተባለ። ሱቁም፣ መጋዘኑም፣ ጋራዡም መኝታ ሆነ። ያን ክፉ የውል ቃል ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም አይችሉም ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1948፣ ጦርነቱ ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ አዳዲስ ሰፈሮች ሲሠሩ ጋራዡ ከጓሮ ወጥቶ ከዋናው ቤት ጋር ተጣበቀ፤ ፊቱንም ወደ መንገድ አዞረ። በብዙ ከተሞች ደንቡ እያንዳንዱ ቤት ለመኪና ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ አስገደደ። በሎስ አንጀለስ ለአንድ ቤተሰብ ቤት የሚጠየቀው የሁለት መኪና የተሸፈነ ማቆሚያ ነበር። ነገሩን ስናስበው ይገርመናል። ለመኪና ጣሪያ በሕግ ተረጋገጠ፤ ለምታረጅ እናት ወይም አዲስ ለመጣች እህት ግን በዚያው ግቢ ውስጥ ሁለተኛ ቤት መሥራት ተከለከለ።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከሜክሲኮ፣ ከመካከለኛው አሜሪካና ከእስያ ብዙ ስደተኞች መጡ። እኛም መጣን። የ1974ቱ አብዮትና ከዚያ በኋላ የነበረው መከራ ያፈናቀላቸው ወገኖቻችን፣ በተለይ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 ከወጣ በኋላ በዚህ ከተማ እየበዙ ሄዱ። በፌርፋክስ ጎዳና በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ያለው ሰፈር በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ እስኪሰየም ድረስ ወገኖቻችን ብዙ ዓመት በፈረቃ ሥራና በጠባብ ክፍል ኖረዋል። በ1987 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ባደረገው ጥናት በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ወደ 42,000 የሚጠጉ ጋራዦች ሰው እንደሚኖርባቸውና በእነሱም ውስጥ ወደ 200,000 ሰው እንደሚያድር ገምቶ ነበር። ይህ የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ነው።

የዚያ ዘመን የጋራዥ ኑሮ ምን ይመስል ነበር? መብራቱ ከዋናው ቤት በኤክስቴንሽን ገመድ የተሳበ ነው። ማብሰያው መሬት ላይ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። መስኮት የለም፤ በሩ መኪና የሚገባበት ከባድ በር ነው፤ እሳት ቢነሣ መውጫው እሱ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ሽንት ቤት የለም። ተከራይዋ ለሽንትም ሆነ ለመታጠብ የባለቤቶቹን በር ማንኳኳት አለባት። በሌሊት ታማ ብትነሣ ማንን ትቀስቅስ? ኪራይ ቢጨመርባት፣ ጣሪያው ቢያፈስባት፣ ወንድ ቢያስቸግራት ለማን ትክሰስ? ክፍሉ በወረቀት ላይ የለም፤ አቤት ካለች ደግሞ ከተማው መጥቶ ይዘጋዋልና እሷው ናት ሜዳ ላይ የምትወድቀው። ለሴት ልጅ የራሷ መታጠቢያ ቤት ቅንጦት አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

የጓሮ ክፍል ኑሮ ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ያደግን ሁላችን ከቪላው ጀርባ ያለውን ሰርቪስ ቤት እናውቀዋለን። መጀመሪያ የሠራተኛ ማደሪያ ነበር፤ በኋላ ለተከራይ፣ ለተማሪ፣ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ዘመድ ሆነ። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ውሃው ከግቢው ቧንቧ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ አንድ ቤት ብቻ የቀረው ቤተሰብ ዘመዱንም ልጁንም እዚያው አጨናንቆ ይዞ ኖረ። ደባል ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ እናቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። እዚህ ካመጣናቸው በኋላ በገዛ ልጃቸው ቤት እንደ ደባል እንዲሰማቸው አንፈልግም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ካሊፎርኒያ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለተኛ መኖሪያ እንዲፈቀድ መንገድ የከፈተ ሕግ ያወጣችው በ1982 ነው፤ ከተሞቹ ግን ሰፊ ቦታ፣ ተጨማሪ ማቆሚያና የጎረቤት ስብሰባ እየጠየቁ መንገዱን አጠበቡት። ከሐምሌ 2003 ጀምሮ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያለ ስብሰባ እንዲፈቀድለት ተደነገገ። ሆኖም ጋራዡን ቤት ያደረገ ሰው ለመኪናው ሌላ የተሸፈነ ማቆሚያ መሥራት ስለሚጠበቅበት ብዙዎች አልቻሉም። በጥር 2017 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ይህን አላላው፤ ምትኩ ማቆሚያ ጣሪያ የሌለው ሊሆን ቻለ። ከጥር 2020 ጀምሮ ደግሞ ጋራዥ ወደ ተጨማሪ መኖሪያ ቤት ሲለወጥ ምትክ ማቆሚያ መጠየቅ ቀረ። የተሟላ ማመልከቻ በ60 ቀን መልስ እንዲያገኝ፣ ከ750 ስኩዌር ፊት ለሚያንስ ቤትም ለመንገድ፣ ለፓርክና ለመሳሰለው የሚጠየቀው የልማት ክፍያ እንዲቀር ተወሰነ። ከጥር 2025 ወዲህም ከ2020 በፊት ያለ ፈቃድ የተሠሩ ክፍሎች ለኑሮ አደገኛ እስካልሆኑ ድረስ ሕጋዊ የሚሆኑበት በር ሰፍቷል። ባለቤቱ ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ፈቃድ ባለው ኮንትራክተር በምስጢር ማስመርመር ይችላል። ይህን ለውጥ ያመጣው የሕግ አውጪዎች ደግነት ብቻ አይደለም። ሕዝቡ አስቀድሞ ጋራዥ ውስጥ ይኖር ነበር፤ ሕጉ የመጣው ከኋላ ነው።

ወረቀቱ ለምን ያስፈልጋል ለምትሉ እህቶች፣ መልሱ ያለው በራሱ በሥራው ውስጥ ነው። የሁለት መኪና ጋራዥ ብዙውን ጊዜ ወደ 400 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 37 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ለመኝታና ለመታጠቢያ ቤት ይበቃል፤ ይተርፋልም። ግን ወለሉ ውሃ እንዲፈስበት ወደ በሩ ዘመም ተደርጎ የተሠራ ሲሚንቶ ነው፤ መስተካከልና እርጥበት እንዳያሳልፍ መሸፈን አለበት። የሽንት ቤት ፍሳሽ በራሱ እንዲወርድ ቱቦው በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘቅዘቅ አለበት፤ ለዚህም ሲሚንቶው ይቆረጣል። የግቢው ዋና ቱቦ ከፍ ብሎ ከተገኘ ፍሳሹን የሚገፋ ፓምፕ ይጨመራል። ቧንቧ ሠሪው ሳያይ «ይህን ያህል ይፈጃል» የሚላችሁን አትመኑ፤ የሂሳቡ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህም መታጠቢያ ቤቱን ለነባሩ የፍሳሽ መስመር በሚቀርበው ግድግዳ በኩል ማድረግ ያዋጣል።

መኝታ ክፍል በአደጋ ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ሊኖረው ይገባል፤ የመስኮቱ መክፈቻ የታችኛው ጠርዝም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም። በጋዝ የሚሠራው ቦይለር ብዙ ጊዜ የሚቆመው ጋራዥ ውስጥ ነውና ከምትተኛበት ክፍል መውጣት ወይም በደንቡ መሠረት መለየት አለበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ግዴታ የሆነውም ለዚህ ነው። መርማሪው መጥቶ የሚያየው እነዚህን ነው። ለእናታችን ደግሞ ደፍ የሌለው ሻወር፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረትና ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፍ በር ከመጀመሪያው ቢታሰብ ኋላ ከማፍረስ ያድናል።

ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከላይ ያልነው ምትክ ማቆሚያ የማይጠየቀው ክፍሉ የራሱ ማብሰያ ያለው ተጨማሪ መኖሪያ ሲሆን ነው። መኝታና መታጠቢያ ብቻ ከሆነ ከተማው የዋናው ቤት ማስፋፊያ አድርጎ ቆጥሮት ማቆሚያውን ተኩ ሊል ስለሚችል፣ ሥራው ሳይጀመር ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ «ፈቃድ ካወጣን የቤቱ ግብር እንደ አዲስ ይሰላል» የሚለው ስጋት እውነት አይደለም። በካሊፎርኒያ የሚጨመረው በአዲሱ ሥራ ዋጋ ላይ ያለው ግብር ነው፤ ነባሩ ቤት በዚህ ምክንያት እንደገና አይገመትም። ሦስተኛ፣ በዚህ ክፍለ ግዛት ኮንትራክተር ለቤት ማሻሻያ ሥራ በቅድሚያ መቀበል የሚችለው ከጠቅላላው ዋጋ 10 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚያንሰውን ነው። ከዚያ በላይ «ለዕቃ መግዣ» እያለ የሚጠይቃችሁን በትሕትና ሸኙት።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። ጋራዥ ውስጥ መኖር ከጥንትም ነበር፤ የሚያሳፍርም አይደለም። የሚያሳፍረው ሰውን ያለ መስኮት፣ ያለ ውሃና ያለ ስም ማኖር ነው። መስኮቱ ከሞት ያድናል፤ መታጠቢያ ቤቱ ክብር ይጠብቃል፤ ወረቀቱ ደግሞ ማንም መጥቶ ውጪ እንዳይላት ያደርጋል። ሦስቱ የተሟሉለት ክፍል የቤቱ አካል ነው፤ እዚያ የምታድረውም እናት እመቤት እንጂ ደባል አይደለችም።

አባላት ሆይ፣ ዕቁባችሁ ሲደርሳችሁ ከምንጣፍና ከቀለም በፊት ለፕላንና ለፈቃድ አውሉት። ቋንቋ የሚያስቸግራት እህት ብቻዋን ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት አትሂድ፤ ከመካከላችን አንዷ ትሸኛት። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የምትለግሱት ገንዘብ ለአንዲት አቅመ ደካማ ቤተሰብ የፕላን ሠሪ ክፍያ ቢሸፍን፣ የተደበቀ ክፍል ወደ ብርሃን ወጣ ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።