አብነት ናሙና፦ የስም ማሰሪያ ችንካር

ከግምቢና ከደምቢ ዶሎ የሚለቀም ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው «ለቀምት» በሚለው የነቀምቴ የቀድሞ አጠራር ነው። የገበያዋ ከተማ ለአካባቢው ቡና ሁሉ ስሟን አወረሰች። ሳይንስም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ቡናን «ኮፌያ አራቢካ» ብሎ ለዓረብ ሰጠው፤ የዱር ቡና ዋና መገኛ ግን ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። ታዲያ ስሙ ለምን አይታረምም?

ለመልሱ አንድ ቃል ያስፈልገናል። በእንግሊዝኛ «ታይፕ ስፔሲመን» የሚሉትን «አብነት ናሙና» እንበለው፤ አንድ ሳይንሳዊ ስም ለዘለቄታው የታሰረበት፣ በተቋም ተጠብቆ የሚቀመጥ ናሙና ማለት ነው። «ዓይነተኛ ናሙና» ብንል አንባቢ «ከዘመዶቹ ሁሉ የተለመደው» ብሎ ይረዳዋል። አብነቱ ግን የተጎሳቆለ ወይም ያልተለመደ ቅጠልም ሊሆን ይችላል፤ ሥራው መመሳከሪያ መሆን ነው።

አሠራሩን በባሕር ዋቅላሚ (አልጌ) እንየው። ተመራማሪው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ያገኘውን ዋቅላሚ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ያደርቃል። አካሉን በማይክሮስኮፕ፣ ዘረመሉን በላቦራቶሪ ይመረምራል፤ ቀድሞ ከተሰየሙት አብነቶች ጋር ያመሳክራል። ከአንዳቸውም ካልገጠመ አዲስ ስም ያወጣለታል፣ ገለጻውን ያሳትማል፣ አንዱን ናሙና አብነት ብሎ ያስቀምጣል። በዓይን ለማይታዩት ደቂቅ ዋቅላሚዎች የማይክሮስኮፕ ስላይድ አብነት መሆን ይችላል። የዋቅላሚ፣ የፈንገስና የዕፅዋት ዓለም አቀፍ የስያሜ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ ለሚወጡ አዳዲስ የዝርያ ስሞች አብነት መጥቀስን ያስገድዳል። በሊኔየስ ዘመን ይህ ግዴታ ስላልነበረ፣ ለጥንቶቹ ስሞች አብነታቸው በኋላ ተመርጦላቸዋል።

ወደ ቡናው እንመለስ። በደንቡ መሠረት ስም የሚጸናው በቀዳሚነቱና በአብነቱ ነው፤ ትርጉሙ እውነት ይሁን ሐሰት አይጠየቅም። «አራቢካ» የትውልድ ቦታን አይመሰክርም፣ ያንን ተክል ከሌላው ይለያል እንጂ።

ነገ ከፊንጫ ግድብ ሐይቅ አዲስ ዋቅላሚ ተገኘ፣ በፊንጫም ስም ተጠራ እንበል። አብነቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ሊቀመጥ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ያው ዋቅላሚ በየመን ኩሬዎች ሞልቶ ቢገኝ እንኳ፣ ስሙ ፊንጫ እንደተባለ ይኖራል። ያን ጊዜ «ለምን አይታረምም?» ብለው የሚጠይቁት የመኖች ይሆናሉ።