የተዋጠችው «ት»

እንግሊዝኛ ሲያነብ «ባሌት» ያለ ተማሪ ይሳቅበታል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የመጨረሻዋ «ት» ትጻፋለች እንጂ አትነገርም፤ እንግሊዞችም «ባሌ» ነው የሚሉት። «ዴፖ»ም እንዲሁ። ግን «ቲኬት»ም ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው፤ የእሱን «ት» እንግሊዞች ጥርት አድርገው ይጠሩታል። ምሥጢሩ በአብዛኛው ዕድሜ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በነበሩት ዘመናት የገቡት ቃላት እየቆዩ እንግሊዝኛ ሆኑ። ዘግይተው የገቡት ግን ብዙዎቹ የፈረንሳይ ድምፃቸውን እንደያዙ ቀሩ።

እኛስ? ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ያኔ ቃል የወሰድነው በጆሮ ነው። ጣቢያው፣ «ላ ጋር»፣ መስተአምሩ ሳይቀር ተሰፍቶ ለገሃር ሆነ፤ ለማያውቀው እንደ ለገጣፎና ለገዳዲ የወንዝ ስም ይመስላል። «ኤታ ማዦር»ንም ወስደን «ሹም» ቀጠልንበት። «ቡፌ» በጆሮ ስለመጣ «ት» የለውም፤ «ባሌት» ግን «ት»ውን ይዞ ገባ። ዛሬ ሁለቱም አማርኛ ናቸው።

እንግዲህ አሶሳ አጠገብ፣ ጾሬ ውስጥ፣ በበርታ ቋንቋ አፉን ፈትቶ፣ አማርኛን ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛን ሦስተኛ አድርጎ የሚማር ልጅ «ት»ን ቢያሰማ ምኑ ያስቃል? የተጻፈውን ነው ያነበበው። መምህሩ ይንገሩት፤ ከነምክንያቱ። ከተሳቀበት ግን በማግስቱ እጁን አያወጣም። ለመሆኑ አንድ ፈረንሳዊ «ለገሃር አይባልም» ብሎ ቢስቅብን ምን እንለው ነበር?