«ብሎ» ማሰብ

ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው ረጅሙን የታክሲ ሰልፍ አይቶ «ዛሬስ ረፈደብኝ ብዬ አሰብኩ» ይላል። ይህ «ብዬ» «አለ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። በአማርኛ ሰው የሚያስበው ብሎ ነው፤ የሚፈራውም የሚጠረጥረውም ብሎ። ሐሳብ በልብ የሚነገር ንግግር ይሆናል። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪም በ1934 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ የውስጥ ንግግር ልጅ ከሰው ጋር ከሚያወራው ንግግር ይወለዳል ብሎ ነበር።

ከልደቱ ድምፅ ያልሰማስ ምን «ብሎ» ያስባል? በምልክት ቋንቋ ያደጉ ብዙዎች ሐሳባቸው በምልክት እንደሚመጣላቸው ይናገራሉ። የማስታወስ ጥናቶችም ይህን ይደግፋሉ፦ ሰሚው «ሳር»ን ከ«ዳር» ሲያምታታ፣ እነሱ የሚያምታቱት የእጅ ቅርፃቸው የሚመሳሰሉትን ምልክቶች ነው። «ብሎ» ድምፅ የግድ አይፈልግም ማለት ነው። አእምሮን የሚጎዳው ጆሮ አለመስማቱ ሳይሆን ልጁ በጊዜው አንድም ቋንቋ ሳያገኝ መቅረቱ ነው።

«ደንቆሮ» ግን አለመስማትንና አላዋቂነትን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል፤ በእኔ ፍርድ የተሳሳተ ቃል ነው። «ደንቆሮ» የሚባሉት ሰዎች የሚግባቡበት የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ እኮ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። እባካችሁ፣ «መስማት የተሳነው» በሉ።