ጉጉት
ከሚሴ ላይ አንዲት ወፍ ሁለት ስም አላት፤ በአማርኛ ጉጉት፣ በኦሮምኛ ኡሩንጉ። አማርኛው ‹ጉጉት› ብርቱ ምኞትም ነው፤ «በጉጉት እንጠብቃለን» የሚል ሰው ግን ወፏ ትዝ አትለውም። ባትለው ይሻላል! ሌሊት ጣራ ላይ ስትጮኽ «ምን ልታሰማን ይሆን?» የሚል አይጠፋም። ኦሪት ዘሌዋውያን 11ም ከማይበሉት ወፎች ይቆጥራታል። ግሪኮች ግን የጥበብ አምላካቸው የአቴና ምልክት አድርገዋታል፤ ዛሬም በግሪክ የ1 ዩሮ ሳንቲም ላይ ዓይኗን አፍጥጣ ትታያለች። የሳይንስ ስም አውጪዎች ደግሞ ለአንዷ የአገራችንን ስም ሰጥተዋታል፦ የደጋ ጫካዋ ጉጉት ‹አሲዮ አቢሲኒከስ› ትባላለች። ጆሮ የሚመስለው ነገሯ ላባ ነው። የሟርት ክሱ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ማሽላውን የሚፈጀውን አይጥ በጨለማ የምትለቅመው እሷው ናት።