ክብደት መቀነስ በይርጋ ይታገዳል?

ባለፈው ሰሞን አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኛዬን አግኝቼ ስለ ቦርጩ ቀልድ ቢጤ ጣል ባደርግ፣ «ተወኝ እባክህ፣ በእኛ ዕድሜ ይኼ አይወርድም፤ በይርጋ ታግዷል» አለኝ። ተሳሳቅንና ተለያየን። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ይኼ ወዳጄ የደም ስኳሩ ድንበሩ ላይ መድረሱ ከተነገረው ከዓመት በላይ ሆኖታል። ለካ የነገረኝ ቀልድ ሳይሆን ውሳኔውን ነበር።

ይርጋ ማለት መብቱን በጊዜው ያልጠየቀ ሰው ክስ የማቅረብ ዕድሉን የሚያጣበት ሥርዓት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1845 ከውል ለሚመነጩ ክሶች በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ይሰጣል። ለመሆኑ ሰውነትስ እንዲህ ያለ አንቀጽ አለው? ማስረጃውን እንመርምር።

የመጀመሪያው መከራከሪያ «ከአርባ በኋላ ሰውነት ምግብ ማቃጠል ያቆማል» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመ፣ ከ29 አገሮች የተውጣጡ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ይህን አይደግፍም። የሰውነት ግዝፈት ታሳቢ ሲደረግ፣ ሰው በቀን የሚያቃጥለው ጉልበት ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ እምብዛም አይለወጥም። በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ መቀነስ የሚጀምረው ከ60 በኋላ ነው። ስለዚህ ለአርባና ለሃምሳ ዓመቱ ቦርጭ ተጠያቂውን ከልደት ቀናችን ይልቅ ቀኑን ሙሉ ከምንቀመጥበት ወንበር፣ ከመኪናችንና ከማታው ጥብስና ቢራ ዘንድ ብንፈልገው ይሻላል።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ክብደት መቀነስ ለወጣት ነው» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት 3,234 ሰዎችን አሳትፏል። ሁሉም እንደ ወዳጄ የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ነገር ግን በሽታው ገና ያልያዛቸው ነበሩ። ለአንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ ክብደቱን በ7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ እንደመራመድ ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ ነበር። በዚህ ቡድን በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ ደግሞ ቅናሹ 71 በመቶ ደረሰ። አዛውንቶቹ ወጣቶቹን በለጧቸው ማለት ነው።

ዘላቂነቱስ? «ሉክ አሄድ» የተባለው ሌላው የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 76 የሆኑ 5,145 የስኳር ሕሙማንን ይዞ ለዓመታት ተከታትሏል። ጥብቅ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ድጋፍ ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ክብደታቸውን 8.5 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ከፊሉ ተመለሰ። በስምንተኛው ዓመትም ቢሆን ግን ቅናሹ 4.7 በመቶ ነበር፤ ግማሽ ያህሉም 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሰው ተገኝተዋል። እዚህም የተሻሉት በዕድሜ የገፉት ናቸው።

የተቃራኒውን ወገን ማስረጃ መደበቅ የጠበቃ ወግ አይደለም። ይኸው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋረጠው በልብና በደም ሥር ሕመም የመጠቃትን አደጋ እንደታሰበው ባለመቀነሱ ነው። ተሳታፊዎቹ ያተረፉት በሌላ በኩል ነው፦ የተሻለ መንቀሳቀስ፣ የተሻለ እንቅልፍ፣ ያነሰ መድኃኒት።

ዕድሜ ምንም ለውጥ አያመጣም ማለቴም አይደለም። ከስቡ ጋር ጡንቻ አብሮ ይሄዳል፤ በእኛ ዕድሜ ደግሞ የሄደ ጡንቻ በቀላሉ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ከልክ ያለፈ ውፍረት ያላቸው 160 አዛውንቶች ተሳትፈው ነበር። ምግብ ቀንሰው ስፖርት የሠሩት ሁሉ 9 በመቶ ያህል ቀነሱ። ነገር ግን እንደ እርምጃ ያለ እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩት ጡንቻን ጨምሮ ስብ ካልሆነው አካላቸው 5 በመቶ ሲያጡ፣ ክብደት ያነሱት 2 በመቶ ብቻ አጡ። ሁለቱን አዳብለው የሠሩት በአካል ብቃት ከሁሉም በለጡ። ስለዚህ መራመድ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ብዙዎቻችን የምናውቀው የመክሳት ዘዴ ሁዳዴ ነው። በ55 ቀን የወረደው በዳግማ ትንሣኤ ተመልሶ ሲመጣ ያላየ የለም። ጾሙ ለነፍስ ነው፤ ለወገብ ቢቆጠርም እንኳ እንጀራና ፓስታ ብቻ ተበልቶበት ጡንቻ አይጠበቅም። ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ወፈር ብሎ ሊቀርብ ይገባል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አንድ የመጨረሻ ነጥብ። በአገራችን የወፈረውን «ተመችቶሃል»፣ የከሳውን «ምነው፣ አሞህ ነበር?» እንላለን። ሁለተኛው ጥያቄ ነውር ቢመስልም አንዳንዴ ሕይወት ያድናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳያስበው ሲከሳ ሁላችንም «አማረብህ» አልነው፤ ኋላ ላይ ስኳሩ ጣሪያ ነክቶ ተገኘ። ሳይፈልጉት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ኪሎ 5 ኪሎ፣ ከ80 ኪሎ 4 ኪሎ ከወረደ ሐኪም ዘንድ መሄድ የግድ ነው። ስኳር፣ ቲቢ፣ ካንሰር፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ ወይም ድብርት ሊሆን ይችላል።

ለወዳጄ የምለው ይህንን ነው፦ ክስህ በይርጋ አልታገደም። የሚጠበቅብህ ከክብደትህ ከመቶ ሰባት እጁን ማስወረድ ነው። ከባዱ ፍርዱን ማግኘቱ ሳይሆን ማስፈጸሙ ነውና አፈጻጸሙን ዕድሜ ልክህን ተከታተለው። ቅዳሜ ጠዋት ፋይሉን አብረን እንከፍታለን፤ በእግርህ ና።